ሙዝ ዝንጉርጉርነቱን ይለውጣል ወይ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ባሕር ዳር ነው። በመስከረም ቅጠሉ ላይ ነጭና አረንጓዴ መስመር ያለው ሙዝ አዲስ አበባ ካለ ችግኝ ሻጭ በ4,500 ብር ገዛሁ። ሻጩ ‹ቫሪጌትድ (ዝንጉርጉር) ነው፤ ዕድሜ ልኩን እንዲህ ነው› ብሎኛል። ከተከልኩት በኋላ የወጡት የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ያማሩ ነበሩ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ግን አረንጓዴ ሆነው ቀሩ። ከሥሩ ሦስት ልጆች አውጥቷል፦ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ወረቀት የመሰለ ነጭ፣ አንዱ ድብልቅ። ማዳበሪያ አብዝተሽበት ነው ያሉኝ አሉ፤ አረንጓዴውን ቅጠል ቁረጪው ያሉኝም አሉ። ዝንጉርጉርነቱ ቋሚ ነው ወይስ አይደለም? ሌላው፣ ፍኖተ ሰላም አባቴ ጓሮ ያሉ ሁለት ሙዞች ዘንድሮ ቅጠላቸው ላይ ቢጫ መስመር አወጡ። እነሱም እንዲህ ዓይነት ከሆኑ ልጆቻቸውን ልሸጥ አስቤያለሁ።»

ቋሚ አይደለም። ሻጩ ዕድሜ ልኩን ያለው ወይ ሳያውቅ ነው፣ ወይ እያወቀ ነው። አረንጓዴ መሆን የጀመረው ግን በእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ ማዳበሪያውም የለበትም።

ኤርምያስ «ነብር ዝንጉርጉርነቱን ይለውጥ ዘንድ ይችላልን?» ብሎ የጠየቀው መልሱ አይችልም እንደሆነ ስለሚታወቅ ነው። የነብሩ ቆዳ ሲወለድ ተሠርቶ ያለቀ ነው። ሙዝ ግን በየሁለት ሳምንቱ አዲስ ቆዳ የሚያወጣ ነብር ነው በሉት። ያለፈው ቅጠል ምንም ያህል ቢያምር የሚቀጥለውን አያስይዝም። የወጣ ቅጠል ደግሞ አይለወጥም፤ የተሰመረው እንደተሰመረ አርጅቶ ይደርቃል። ስለዚህ «ቅጠሉ ነጭነቱን አጣ» ሲባል የጠፋው ከቅጠሉ አይደለም፤ ቅጠሉ ከሚሠራበት ቦታ ነው።

ያ ቦታ የት እንደሆነ ካላወቁ የቀረው ሁሉ ግራ ያጋባል። የሙዝ ግንድ የምንለው ግንድ አይደለም፤ አንዱ በአንዱ ላይ የተጠቀለለ የቅጠል እግር ነው። እውነተኛው ግንድ ከአፈር በታች ያለው፣ እንሰት አብቃዮች አምቾ የሚሉት ዓይነት ድብልብል አካል ነው። አናቱ ላይ፣ መሬቱ ጥግ፣ ከጤፍ ፍሬ የማትበልጥ የእድገት ጫፍ አለች። እያንዳንዱ ቅጠል የሚጀምረው ከእሷ ነው፤ ከዚያ በተጠቀለለው እግር መሃል ለመሃል እየተገፋ ወጥቶ አናት ላይ ይፈታል። በእርስዎ ሙዝ የእድገት ጫፍ ውስጥ ሁለት ዘር ሕዋሳት አብረው ይኖራሉ። አንዱ ዘር ክሎሮፊል፣ ማለትም ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገውንና ከፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚያሠራውን ቀለም፣ ይሠራል፤ ሌላው መሥራት አይችልም። ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን በአንድ አካል ሁለት ዘር የያዘ ተክል ኪሜራ ይሉታል። ቅጠሉ ላይ የሚያዩት ነጭ መስመር የአንዲት ክሎሮፊል አልባ ሕዋስ ልጆች፣ የልጅ ልጆችና የቅድመ ልጅ ልጆች ተሰልፈው ነው።

ሸማኔ ድሩ ላይ ቀይ ክር ካስገባ ነጠላው እስኪያልቅ ያው ጥለት ይወርዳል። ክሩ በራሱ ስለማይባዛና ስለማይሞት ነው። የሙዙ ድር ግን ሕይወት አለው። ክሮቹ ይባዛሉ፣ ይገፋፋሉ፣ አንዱ ሌላውን ከመስመር ያስወጣል። በዚህ ግፊያ ውስጥ ነጩ ሁልጊዜ ደካማ ነው፤ ይበላል እንጂ ምግብ አይሠራም። አረንጓዴው ቢያሸንፍ የሚገርም አይደለም። አንዳንዴም ያለ ምንም ምክንያት፣ በዕጣ ብቻ፣ ጫፏ ላይ የነበሩት ጥቂት ነጭ ሕዋሳት ወደ ዳር ይገፉና ከዚያ በኋላ የሚወጡት ቅጠሎች አረንጓዴ ይሆናሉ።

ሁሉም ዝንጉርጉር ተክል እንዲህ ተለዋዋጭ አይደለም። በየቤቱ በረንዳ ላይ ያለችው ጠርዟ ቢጫ የሆነች ሳንሰቬሪያም ኪሜራ ናት፤ ግን የሕዋሳቱ ዘር እንደ ጋቢ ድርብ ተደራርቦ በየንብርብሩ ስለሚቀመጥ ከሥሯ ከፍለው ከተከሏት ጠርዟ አብሯት ይሄዳል። ቅጠሏን ብቻ ቆርጠው ከተከሉ ግን አረንጓዴ ሆና ትበቅላለች። ሙዝ ላይ የምናየው ነጭ መስመር እንዲህ በሥርዓት የተደራረበ አይደለም፤ እዚህም እዚያም የተበተነ ነው። በዓለም ላይ ስሙ የገነነው የዚህ ወገን ሙዝ የሃዋዩ «አኤ አኤ» ነው። እዚያው «ኮአኤ»ም ይሉታል፤ ነጭ የባሕር ወፍ የሚጠሩበት ስም ነው። ፍሬው እንኳ በነጭና በአረንጓዴ የተሰመረ ነው። ነገር ግን እሱም ቢሆን በትውልድ አገሩ ከአንድ ሥር አረንጓዴ፣ ነጭና ድብልቅ ልጅ ያወጣል። የእርስዎ እሱ ይሁን ሌላ፣ ሕጉ አንድ ነው።

እስካሁን ሁለት አረንጓዴ ቅጠል ብቻ ስለሆነ ፍርድ አልተሰጠም። ጠዋት ብርሃኑ ለስላሳ ሳለ ከሙዙ አጠገብ ቁጭ ይበሉና የመጨረሻውን ቅጠል ጀርባ ይመልከቱ። ዝርግ የሆነውን የቅጠል ክፍል ይተዉት፤ የመሃል አጥንቱን ይዘው ወደ ታች ይውረዱ። አጥንቱ እየሰፋ ግንዱን የሚያቅፍ እግር ወደሚሆንበት ቦታ ሲደርሱ በጣትዎ አቧራውን ይጥረጉ። የቡና ጀበና ክዳን ላይ እንደሚቀር የውሃ ዱካ የቀጠነ፣ ገርጣ ያለ መስመር እስከ መሬት ድረስ ሲወርድ ካዩ ነጩ ዘር አለ፤ ቅጠሉ ላይ ስፋት አላገኘም እንጂ አልጠፋም። ሲጋራ መስሎ ተጠቅልሎ የሚወጣውን አዲሱን ቅጠልም እንደዚሁ ይዩ፤ ዝንጉርጉር ከሆነ ሳይፈታም ጥቅልሉ ላይ ጠመዝማዛ መስመር ይታያል። በባሕር ዳር ሙቀት ሙዝ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ አንድ ቅጠል ያወጣል። ስለዚህ እስከ ሁለት ወር ይጠብቁ። አራት ቅጠል ተከታትሎ በእግሩም በአጥንቱም ላይ ምንም መስመር ሳይዝ ከመጣ የእድገት ጫፏ ለአረንጓዴው ወግናለች፤ ከዚያ በኋላ ተመለሰ ሲባል እምብዛም አይታይም።

ወደ ልጆቹ ልምጣ፤ ዋናው ሀብትዎ እዚያ ነውና። ሙዝ በዘር የማይራባ፣ እናቲቱ አንዴ አፍርታ የምትሞት፣ በልጆቿ የምትቀጥል ተክል ነው። ልጁ የሚወጣው ከአምቾው ጎን ካለች ዓይን ነው፤ ዓይኗ የተቀመጠችበት ቦታ አረንጓዴ ሕዋሳት ብቻ ካሉ ልጁ አረንጓዴ፣ ነጭ ብቻ ካሉ ነጭ፣ ሁለቱ ከተገናኙበት ድንበር ላይ ከሆነች ድብልቅ ይሆናል። ለዚህ ነው ሦስት ወንድማማቾች በሦስት መልክ የወጡት። አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልጨምር፦ በአብዛኛው ተክል ዓይን የምትበቅለው ከቅጠሉ ብብት ነው፤ ሙዝ ላይ ግን ከቅጠሉ በተቃራኒ በኩል ነው። ስለዚህ አንድ ቅጠል በምሥራቅ በኩል ስላማረ ቆንጆ ልጅ በምሥራቅ በኩል ይወጣል ብለው አይጠብቁ።

ነጩ ልጅ ዓይን ይስባል፤ አይለዩት። እናቱ ሥር እስካለ ከእሷ እየጠባ ይኖራል፤ ቆርጠው ለብቻው የተከሉት ዕለት ሞቱ ተጀምሯል። እኔም በጀማሪነቴ አንዱን ነጭ ልጅ «እንዲህ ያለማ አይገኝም» ብዬ በጥንቃቄ ቆርጬ በሸክላ ተክዬ በረንዳ ላይ አስቀመጥኩት። አምቾው ውስጥ በነበረው ስንቅ ሁለት ቅጠል ፈታ። የሐር ጨርቅ ነበር የሚመስለው፤ ጎረቤት እየመጣ ያየው ነበር። ሦስተኛው ቅጠል ግማሽ ድረስ ወጥቶ ቆመ፣ ከጫፉ ቡናማ ሆነ፣ በአንድ ወር ውስጥ ሁሉም ቀለጠ። ክሎሮፊል የሌለው ተክል ውሃም ማዳበሪያም አያድነውም። ነጩን ለዓይን ከወደዱት እዚያው ይተዉት፤ እናቲቱ ከከሳች ግን ያስወግዱት፤ ሸክም ነው።

አረንጓዴው ልጅ ተቃራኒ አደጋ ነው። ከሁሉም ፈጥኖ ያድጋል፣ ቁመቱ ድብልቁን ይበልጣል፣ ጥላ ይጥልበታል፣ የሥሩን ቦታ ይይዛል። ብዙ ሰው «ሙዜ ተለወጠ» የሚለው እናቲቱ ተለውጣ ሳይሆን አረንጓዴው ልጅ ሁሉን ውጦ ነው። አሁኑኑ ነቅለው ሌላ ቦታ ይትከሉት፤ ደህና ሙዝ ነው፣ ያፈራልዎታል። ከእሱ ሥር ዝንጉርጉር ልጅ ግን አይጠብቁ።

የቀረው ድብልቁ ነው፤ ከሦስቱ ዋጋ ያለው እሱ ብቻ ነው። የመሃል አጥንቱን ግራና ቀኝ ያወዳድሩ። መስመሩ በሁለቱም ክንፍ ተሰራጭቶ ካለ የእድገት ጫፏ ውስጥ ሁለቱ ዘሮች ተቀላቅለዋል ማለት ነው፤ ጥሩ ምልክት ነው። አንዱ ክንፍ ነጭ ሌላው አረንጓዴ ሆኖ በአጥንቱ ለሁለት ከተከፈለ ግን ለፎቶ ያምራል እንጂ ዕድሜው አጭር ነው፤ አንዱ ወገን ቶሎ ያሸንፋል። ነጩ ከቅጠሉ ግማሽ በታች ቢሆን ይመረጣል፤ ከዚያ ከበለጠ ተክሉ ራሱን መመገብ ያቅተዋል። ለመለየትም አይቸኩሉ። ተራውን ሙዝ ጉልበት ሲደርስ እንለያለን፤ ዝንጉርጉሩ ስንቁ ትንሽ ስለሆነ ቢያንስ የራሱ አምስት ዝርግ ቅጠልና የራሱ ሥር እስኪኖረው ይቆይ። የሚለዩትም ክረምቱ ሲገባ፣ ሰኔ ላይ ይሁን፤ በመጋቢት ፀሐይ አይሁን።

አሁን የተነገርዎትን ምክሮች ላንሳ። ማዳበሪያ የሕዋስን ዘር አይለውጥም። ናይትሮጅን ማብዛት የሚያደርገው ቅጠሉን ማለስለስ ነው፤ የለሰለሰው ነጭ ክፍል በፀሐይ ቶሎ ይቃጠላል። ዩሪያውን ትተው የበሰበሰ ፍግና ብስባሽ በየወሩ በትንሽ በትንሹ ይስጡት። አመድ «ቀለሙን ይይዛል» ይባላል፤ አይይዝም። አመድ ፖታሲየም አለው፣ ሙዝ ፖታሲየም ይወዳል፤ የጎጃም ቀይ አፈር በብዙ ቦታ አሲዳማ ስለሆነ ለእሱም አይከፋም። ከቀለሙ ጋር ግን አይገናኝም።

አረንጓዴውን ቅጠል ቁረጪ የሚለው ምክር የመጣው ከሌላ ተክል ነው። ቡገንቪላ ወይም ፊከስ ቅርንጫፉ አረንጓዴ ሲሆን ዝንጉርጉር ቅጠል እስካለበት አንጓ ድረስ ይቆረጣል፤ ከዚያ አንጓ ያለችው ዓይን ዝንጉርጉር ሆና ትወጣለች። ሙዝ አንጓም ቅርንጫፍም ከመሬት በላይ የለውም። ቅጠል ቢቆርጡ፣ ግንዱንም በገጀራ ከወገቡ ቢጥሉት፣ የእድገት ጫፏ ታች ስለሆነች የምታወጣውን ማውጣቷን ትቀጥላለች። ቅጠሉን በመቁረጥ የሚያገኙት ነገር ቢኖር ነጩን ሲመግብ የነበረውን አረንጓዴ ማጣት ነው። አረንጓዴ ቅጠል የዝንጉርጉር ሙዝ ቀለብተኛ ሳይሆን ገበሬ ነው፤ አይንኩት።

ጥላም ነጭ አያመጣም። ነገር ግን ነጩ ክፍል የፀሐይ መከላከያ የለውም፤ የከሰዓቱ ፀሐይ ዳሩን ጠብሶ ቡናማ ያደርገዋል። የጠዋት ፀሐይ በሚያገኝበት፣ ከሰዓት ግድግዳ በሚያጠላበትና ነፋስ በማይበዛበት ቦታ ያኑሩት።

አንድ የመጨረሻ አማራጭ አለ፤ በደቡብ ያሉ እንሰት አብቃዮች ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። እንሰት በራሱ ልጅ አያወጣም። ስለዚህ ግንዱን ከመሬት ጥግ ይቆርጡና የአምቾውን ልብ በቢላ ቦርቡረው ያወጣሉ፤ አምቾውን መልሰው በአፈር ይቀብሩታል። የእድገት ጫፏ ስትሞት ዳር ላይ ተኝተው የነበሩ ዓይኖች ይነቃሉ፤ ከአንድ አምቾ ብዙ ችግኝ ይወጣል። ሙዝ ላይም ይሠራል። እናቲቱ አረንጓዴ ሆና ከቀረች ግን ዝቅ ብለው የተቀመጡ አሮጌ እግሮቿ ላይ አሁንም መስመር ካለ፣ በዚያ ወገን ያሉ ዓይኖች ዝንጉርጉር ሊያወጡ ይችላሉ። ዋጋው እናቲቱን ማጣት ነው። እኔ ይህን የማደርገው ድብልቅ ልጅ በእጄ ከሌለ ብቻ ነው። እርስዎ ስላለዎት አያድርጉት።

ለዚህም ሆነ ልጅ ለመለየት ቢላ ከማንሳትዎ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ። ሙዝንና እንሰትን የሚያጠወልገው የባክቴሪያ በሽታ በ1968 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ የተመዘገበው በእኛው እንሰት ላይ ነው። ከተክል ወደ ተክል በዋናነት የሚያሻግረው ደግሞ የሰው ቢላ ነው። አንድ እጅ በረኪና በአምስት እጅ ውሃ በጥብጠው ቢላውን በየተክሉ መሃል ይንከሩት፤ ወይም እሳት ላይ ያግሉት። ሲቆርጡት ከቁስሉ ቢጫማ ዝልግልግ ፈሳሽ ከወጣ ከዚያ ተክል ምንም ነገር ወደ ሌላ ቦታ አይውሰዱ።

ጥያቄዎ ውስጥ ባይኖርም ስለ ቀዩ ዝንጉርጉር ማለት ያለብኝ አለ፤ ሁለተኛ ሲገዙ የሚያጋጥምዎት እሱ ነውና። ቅጠሉ ላይ ወይን ጠጅ ወይም ቀይ ነጠብጣብ የተረጨበት «ዘብሪና» የሚባል የጃቫ ሙዝ አለ። ይሄኛው ኪሜራ አይደለም። ቀለሙ አንቶሲያኒን የሚባል ቀይ ማቅለሚያ ነው፤ የመሥራት ችሎታው በሁሉም ሕዋስ ውስጥ ስላለ ልጆቹም እንደ እናታቸው ቀይ ናቸው። በጥላ ይደበዝዛል፣ በእርጅና ይቀንሳል፣ አዲስ ልጅ በፀሐይ ሲወጣ ይመለሳል። ቋሚ ቀለም የሚፈልግ ሰው ይህን ይግዛ። ወጥመዱ ግን እዚሁ አለ፤ በቲሹ ካልቸር (ላብራቶሪ ውስጥ ከትንሽ የተክል ቁራጭ) የተባዛ ተራ የካቨንዲሽ ሙዝ ችግኝ ሳለ ቅጠሉ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አለው። ልክ ዘብሪናን ይመስላል። ከተተከለ ከጥቂት ወራት በኋላ ነጠብጣቡ ጠፍቶ ገበያ ላይ የምናውቀው አረንጓዴ ሙዝ ይሆናል። ቁመቱ ክንድ ያልሞላ ቀይ ነጠብጣብ ያለው ችግኝ በውድ ዋጋ ሲቀርብልዎት የእናቱን ግንድ ያሳየኝ ይበሉ። ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ አሁንም ቀይ ከሆነ ይግዙ።

ቀይ ቀለም ለሚወድ ሰው ደግሞ እዚሁ ጓሯችን ያለውን ኮባ፣ ማለትም እንሰትን፣ ማን ረሳው? ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. በታተመው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ በሥዕል አስደግፎ ለአውሮጳ ያስተዋወቀው ተክል ነው። ቀይ ቅጠል ያለው ዘሩ «ማውሬሊ» እየተባለ በአውሮጳ በየበረንዳው በውድ ይሸጣል፤ እኛ አረንጓዴውን ለድፎ ዳቦ መጠቅለያ እንቀነጥሰዋለን። ቀለሙ ቋሚ ነው። ችግሩ ከላይ እንዳልኩት በራሱ ልጅ አለማውጣቱና አንዴ አብቦ መሞቱ ነው።

አሁን ወደ አባትዎ ጓሮ። ከልጆቻቸው አንድም እንዳይሸጡ፤ ለጎረቤት በነጻም እንዳይሰጡ። ምክንያቴ ቀላል ነው። አንድ ጤነኛ አረንጓዴ ሙዝ በድንገት ኪሜራ የሚሆነው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ሁለት ግንዶች በአንድ ዓመት፣ በአንድ ጓሮ፣ አብረው ዝንጉርጉር ሲሆኑ ዕድል ሳይሆን የሚተላለፍ ነገር ወይም የሚጋሩት ችግር ነው የሚጠረጠረው።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ቫይረስ ነው፤ ሁለት ዓይነቱን ልጥቀስ። አንደኛው የሙዝ ቅጠልን በመስመር የሚያዠጎረጉረው የስትሪክ ቫይረስ ነው። በነጭ ዱቄት የተነከረች በምትመስለው ትንሽ ነፍሳት፣ በሚሊባግ፣ ይተላለፋል። የሚገርመው፣ አንዳንድ የሙዝ ዝርያዎች ቫይረሱን ከዘር መልካቸው ጋር ተጣብቆ ተኝቶ ይዘውት ይኖራሉ፤ ብርድ፣ ድርቅ ወይም የቲሹ ካልቸር ጫና ሲደርስባቸው ይነቃል። ሁለተኛው በክሽክሽ የሚተላለፈው የኪያር ሞዛይክ ቫይረስ ነው። ስሙ የኪያር ይሁን እንጂ ዱባንም በርበሬንም ያጠቃል። የአባትዎ ሙዝ ፍኖተ ሰላም ነው ብለውኛል፤ ያ አካባቢ የበርበሬ አገር ነው። ከበርበሬ መደብ ዳር የተተከለ ሙዝ ከዚህ ቫይረስ ጋር ጎረቤት ነው።

ከኪሜራው የሚለዩት እንዲህ ነው። የኪሜራ መስመር ነጭ ወይም ክሬም ነው፤ ዳሩ በምላጭ የተቆረጠ ያህል ግልጽ ነው፤ ከመሃል አጥንቱ ተነስቶ እስከ ቅጠሉ ዳር ሳይቋረጥ ይሄዳል፤ እግሩና ግንዱ ላይም ይታያል። የቫይረስ መስመር ቢጫ ነው፤ የተቆራረጠ፣ ነጠብጣብ ከነጠብጣብ የተቀጣጠለ ይመስላል፤ ዳሩ ደብዘዝ ይላል፤ ቅጠሉ ሲያረጅ ቡናማ ከዚያም ጥቁር ይሆናል። አንድ ቅጠል ላይ በርትቶ ይወጣና የሚቀጥሉት ሁለቱ ንጹሕ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ይሄ «ዳነ» ያሰኛል፤ አልዳነም። ቅጠሉ ከተጨማደደ፣ ከጠበበ ወይም መሃሉ ከበሰበሰ ደግሞ ጥርጣሬው ይበረታል።

ቫይረስ ያልሆኑም አሉ። የዚንክ እጥረት አዲስ ቅጠል ላይ ጠበብ ጠበብ ያለ ነጭና አረንጓዴ መስመር ያወጣል፤ ገና የሚፈታው ቅጠል ጀርባው ወይን ጠጅ ይላል። ኖራ ወይም አመድ በአንድ ቦታ በብዛት ከተከመረ ይህ ይመጣል፤ አባትዎን ይጠይቁ። የታኅሣሥና የጥር ብርድም ሲወጣ ያገኘውን ቅጠል ያገረጣዋል፤ የብርድ ከሆነ ከየካቲት በኋላ የሚወጡት ቅጠሎች ንጹሕ ሆነው ይቀጥላሉ፣ መስመሩም ጠቁሮ አይበሰብስም።

የቫይረስ ምልክት ካዩ መድኃኒት የለውም። አምቾው ሳይቀር በዶማ ተቆፍሮ ይውጣ፣ ተከታትፎ እዚያው ይድረቅ፣ በየጊዜው የሚያቆጠቁጥ ካለ ይነቀል፤ ቦታው ላይ ለጊዜው ሙዝ አይተከል። ከመንቀልዎ በፊት እርግጠኛ ካልሆኑ ቅጠሉን በወረቀት ጠቅልለው የወረዳው የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ዘንድ ወይም አዴት የግብርና ምርምር ማዕከል ያድርሱ። አዲሱን ውድ ሙዝዎን ደግሞ ፍኖተ ሰላም ወስደው እነሱ አጠገብ እንዳያቆሙት፤ ሚሊባጓም ክሽክሹም ውድና ርካሽ አይለዩም።

ስለ ንግዱ። በቴሌግራም «የዝንጉርጉር ሙዝ ዘር» ብለው ፍሬ የሚሸጡ አሉ፤ ገንዘብዎን አይጣሉ። የሚበሉ ሙዞች ዘር የላቸውም። ዘር ያላቸው የዱር ሙዞችም ቢሆኑ ቀለሙን በዚህ መንገድ አያወርሱም፤ ሁለት ዘር ሕዋስ ጎን ለጎን ያለበት የእድገት ጫፍ በአንዲት ፍሬ ውስጥ ተሸጋግሮ አይሄድም። «ላብራቶሪ በቲሹ ካልቸር ያባዛልኝ» የሚለውም ለኪሜራ ከንቱ ነው ማለት ይቻላል፤ ሥጋው ሲከታተፍ ሁለቱ ዘሮች ይለያያሉ፤ ከብዙ ጠርሙስ አረንጓዴና ነጭ ይወጣል፣ ድብልቁ ጥቂት ነው። ከውጭ አገር ልጅ በሻንጣ ማስመጣት ደግሞ ያለ ኳራንታይን ፈቃድ ክልክል ነው፤ መከልከሉም ትክክል ነው፤ ከላይ የዘረዘርኳቸው ቫይረሶች ከአገር አገር የሄዱት እንዲሁ በልጅ ነው።

ስለዚህ የእኔ ምክር ይህ ነው። ይህን ሙዝ እንደ ጌጥ ይያዙት፤ እንደ ንግድ እናት አይያዙት። አረንጓዴውን ልጅ በዚህ ሳምንት ይለዩ፣ ነጩን ይተዉት፣ ድብልቁን እስከ ሰኔ አሳድገው ለየብቻው ይትከሉ፤ ሁለት ቦታ ሁለት ዝንጉርጉር ሙዝ እስኪኖርዎት ድረስ ለማንም አይሽጡ፤ አንዱ ቢለወጥ ሌላው መጠባበቂያ ይሆናል። በየዓመቱ ከሚወጡት ልጆች ያማረውን አንድ እያስቀሩ ከሄዱ ዝንጉርጉርነቱ ለብዙ ዓመት ሊቀጥል ይችላል፤ የሚያስቀጥለው ግን የእርስዎ ምርጫ ነው፣ ሙዙ በራሱ አይደለም። ሲሸጡ ደግሞ አምስት ቅጠል ያወጣ፣ ሁለቱም ክንፉ የተሰመረ ልጅ ብቻ ይሽጡ፤ ለገዢውም አረንጓዴ ሊሆን እንደሚችል ከመክፈሉ በፊት ይንገሩት። በ4,500 ብር የገዙበት ሻጭ ይህን ቢነግርዎት ኖሮ ምናልባት ያው ገዝተውት ነበር፤ ግን ሁለት ቅጠል አረንጓዴ ሲሆን እንቅልፍ አያጡም ነበር።